ጀማሪን አታጣድፉት፦ «አንድ ሰዓት ይበቃል» ለሚለው ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን ኮምፒውተር ስለመገጣጠም የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ከስልክ ስልክ ሲዞር ሰንብቷል። ለእኔ ብቻ ሦስት ሰዎች ልከውልኛል። አንዱ የአክስቴ ልጅ ነው። «አየህ አይደል፣ አንድ ሰዓት ነው የሚፈጀው» ብሎ ጽፎበታል። በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ዕቃዎቹን ጠረጴዛ ላይ ደረደረ። የስልኩን ሰዓት ቆጣሪ 60 ደቂቃ ላይ አደረገና ሥራ ጀመረ። የሆነውን ቆየት ብዬ እነግራችኋለሁ። ይህን ምላሽ የምጽፈው ግን በእሱ ምክንያት ነው።

መጀመሪያ ጽሑፉ የሚለውን ሳልጨምር ሳልቀንስ ላስቀምጥ። ጸሐፊው እንዲህ ይላሉ። የዛሬ ኮምፒውተር እንደ ሌጎ (ቁራጮቹ እየተሰካኩ የሚሠሩት የልጆች መጫወቻ) ነው። እያንዳንዱ ዕቃ የሚገባው አንድ ቦታ ብቻ ስለሆነ መሳሳት አይቻልም። ስለዚህ ምንም የማያውቅ ሰው እንኳ በአንድ ሰዓት ይጨርሳል። ማኑዋል ማንበብ ጊዜ ማባከን ነው፤ አንድ ቪዲዮ ይበቃል። ገመድ ማሰናዳት ለፎቶ ካልሆነ ጥቅም የለውም። ማብሪያውን ተጭናችሁ ስክሪኑ ካልበራ አንዱ ዕቃ ተበላሽቶ መጥቷል ማለት ነው፤ መልሱት። ከበራ ደግሞ ሥራው አለቀ፤ ዊንዶውስ ራሱን ይጭናል። መጨረሻ ላይም ከሁለት ሰዓት በላይ የፈጀበት ሰው ሙያው ስላልሆነ ለባለሙያ ይስጥ ይላሉ።

እኔ የምለው፣ ጀማሪ አንድ ሙሉ ቀን ይያዝ ነው። በእኔ ግምት ከአምስት እስከ ስምንት ሰዓት ይፈጅበታል። ከዚህ ውስጥ ግማሹን ወይም ከዚያ በላይ የሚወስደው በእጅ የሚሠራው ነው። የቀረው ሶፍትዌርና ፍተሻ ነው። ሥራው ከባድ ሆኖ አይደለም። ብሎን ማጥበቅና ገመድ መሰካት የሚችል ሰው ሁሉ ይችለዋል። ነገር ግን በዚህ ሥራ ላይ ዕቃ የሚሰበረው ሰው ስለማያውቅ ሳይሆን ስለሚቸኩል ነው። ጀማሪ ያለው ትልቁ መሣሪያ ጊዜ ነው። «አንድ ሰዓት» የሚለው ቁጥር ያንን መሣሪያ ነው ከእጁ የሚቀማው።

ጸሐፊው ልክ የሆኑበት ነገር ስላለ ከሱ ልጀምር። ሥራው በእርግጥም በጣም ቀሏል። እ.ኤ.አ. በ1975 አልቴር 8800 የሚባለውን ኮምፒውተር ሳይገጣጠም በኪት የገዛ ሰው ትናንሾቹን ዕቃዎች አንድ በአንድ በብየዳ ነበር የሚያያይዘው። ዛሬ ብየዳ የለም። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ1995 ያወጣው ኤቲኤክስ የሚባለው ስታንዳርድ የማዘርቦርዱን (ሌሎቹ ዕቃዎች የሚሰኩበትን ዋና ሰሌዳ) መጠን፣ የብሎን ቀዳዳዎቹንና የፓወር ሰፕላዩን (ኃይል የሚያከፋፍለውን ዕቃ) አገጣጠም አንድ ዓይነት ስላደረገው ከተለያየ ፋብሪካ የመጡ ዕቃዎች እርስ በርሳቸው ይገጥማሉ። «አትፍሩ» ማለታቸውም ትክክል ነው። ሰውነታችን ላይ ያለው ኤሌክትሪክ ማዘርቦርድ ያቃጥላል እየተባለ ሰው ከመጠን በላይ ሲሸበር አይቻለሁ። ምንጣፍ ላይ ካልቆማችሁ፣ በየመሃሉም የኬዙን (ዕቃዎቹ የሚገቡበትን ሳጥን) ብረት ከነካችሁ ብዙ የሚያሰጋ ነገር የለም። እስከዚህ ድረስ ከጸሐፊው ጋር ነኝ።

«አንድ ቦታ ብቻ ይገባል፣ ስለዚህ መሳሳት አይቻልም» የሚለው ላይ ግን እንለያያለን። ራምን እንውሰድ፤ ኮምፒውተሩ የሚሠራበትን ነገር ለጊዜው የሚይዝበት ማስታወሻ ነው። አብዛኛው ሙሉ መጠን ያለው ማዘርቦርድ ለራም አራት ቦታ አለው። ሁለት ራም የገዛ ሰው በየትኞቹ ይሰካቸው? አራቱም ይቀበሏቸዋል። ትክክለኞቹ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከፕሮሰሰሩ (ስሌቱን ከሚሠራው ዋና ቺፕ) ሲቆጠር ሁለተኛውና አራተኛው ናቸው። ሁለቱን ጎን ለጎን የሰካ ሰው ኮምፒውተሩ ይበራለታል፤ ራሙ ግን በአንድ መስመር ብቻ ስለሚሠራ ፍጥነቱ ይቀንሳል። ማንም አይነግረውም። ስክሪኑ ላይ የሚወጣ ማስጠንቀቂያ የለም።

ፕሮሰሰሩ ደግሞ የበለጠ ነው። ኢንቴል እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ለተራው ተጠቃሚ በሚያወጣቸው ፕሮሰሰሮች ፒኖቹን (ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፉትን ትናንሽ የብረት ጫፎች) ከፕሮሰሰሩ አንስቶ ማዘርቦርዱ ላይ ወዳለው ሶኬት አዛወራቸው። ተፎካካሪው ኤኤምዲም እ.ኤ.አ. በ2022 ኤኤም5 በሚባለው ሶኬቱ ይህንኑ አደረገ። በኢንቴሉ ኤልጂኤ1700 ውስጥ 1700፣ በኤኤም5 ውስጥ ደግሞ 1718 ፒኖች አሉ። ቀጫጭን ናቸው፤ ጎንበስ ብለው ነው የሚቆሙት፤ በብርሃን ሲታዩ ወርቃማ ሣር ይመስላሉ። በጣት ብትነኳቸው ይታጠፋሉ። ፕሮሰሰሩ ከእጃችሁ ሾልኮ በጥጉ ቢወድቅባቸውም ይታጠፋሉ። ፕሮሰሰሩ ጥግ ላይ ትንሽ ሦስት ማዕዘን ምልክት አለ፤ እሷን ሶኬቱ ላይ ካለችው ጋር ማስተያየት ያስፈልጋል። ሳያስተያይ ያስቀመጠ ሰው ፕሮሰሰሩ ሶኬቱ ላይ ይቀመጥለታል እንጂ አይገባለትም። ልዩነቱ አንድ ሚሊሜትር እንኳ ላይሆን ይችላል።

ጀማሪን የሚያስጨንቀው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ሁሉም ነገር ትክክል ሆኖም የሶኬቱ ማሰሪያ ዘንግ ሲወርድ ኃይል ይጠይቃል። ደንበኛ ግፊት። ሲወርድም ይንጫጫል። መጀመሪያ ጊዜ የሰማው ሰው «ሰበርኩት!» ብሎ ይደነግጣል። እኔ የመጀመሪያውን ስገጥም እዚህ ላይ ቆሜ ማኑዋሉን ሦስት ጊዜ አንብቤያለሁ። ፕሮሰሰሩን አውጥቼ፣ አይቼ፣ መልሼ አስቀምጬ ነው ዘንጉን የተጫንኩት። ሃያ ደቂቃ ፈጅቶብኛል። ልምድ ያለው ሰው በአንድ ደቂቃ የሚያልፈው ነገር ነው። ያን ሃያ ደቂቃ ግን እንዳባከንኩት አልቆጥረውም፤ ፕሮሰሰሩና ማዘርቦርዱ ደህና የሆኑት በእሱ ነው።

ሌጎ ላይ ይህ የለም። ሌጎ ሲሳሳቱ ይነቀላል፣ እንደገና ይሰካል። የታጠፈ ፒን በመርፌ ጫፍ ቢቃናም ቢቃናም እንደ መጀመሪያው ላይሆን ይችላል።

አሁን ደግሞ የኃይል ገመዶቹን እዩ። ለፕሮሰሰሩ የሚሄደው ባለ 8 ፒንና ለግራፊክስ ካርድ (ምስሉን ወደ ስክሪኑ ለሚያወጣው ዕቃ) የሚሄደው ባለ 8 ፒን በሩቅ መንትያ ናቸው። በእርግጥ የቀዳዳቸው ቅርጽ ስለሚለያይ በትክክል አይገጣጠሙም፤ በዚህ ጸሐፊው ልክ ናቸው። ግን ሰዓት እየቆጠረበት ያለ ሰው «አልገባ አለ» ሲል ምን ያደርጋል? ይጫናል። ሌላም አለ። ገመዶቹ የሚነቀሉ ዓይነት ፓወር ሰፕላይ ካላችሁ፣ ከሌላ ፓወር ሰፕላይ የተረፈ ገመድ በሰፕላዩ በኩል ሊገባ ይችላል። ውስጡ ያለው የሽቦ አሰላለፍ ግን ከፋብሪካ ፋብሪካ፣ አንዳንዴም ከሞዴል ሞዴል ይለያያል። በትክክል ገባ፣ ቀጭ አለ፣ ሃርድ ዲስኩ ግን ተቃጠለ። «ከገባ ልክ ነው» የሚለው ሕግ እዚህ ላይ ሰው ያስከፍላል።

እስከ መጨረሻው አለመግባት የሚባልም ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው የኤንቪዲያ አርቲኤክስ 4090 ግራፊክስ ካርድ ባለ 16 ፒን የኃይል መሰኪያው ሲቀልጥ የሚያሳዩ ፎቶዎች ዓለምን ያዳረሱት በዚያው ዓመት ነው። ኩባንያው መርምሮ አንዱ የተለመደ ምክንያት መሰኪያው እስከ መጨረሻው አለመግባቱ ነው ብሏል። የመሰኪያው ንድፍ ራሱ መወቀሱን አልረሳሁም፤ በኋላም ተሻሽሏል። ነገሩ ግን ይህ ነው፦ ትክክለኛው ገመድ፣ ትክክለኛው ቦታ ገብቶ፣ ጥቂት ስለቀረው ብቻ ፕላስቲክ ቀለጠ። ካርዱን ከሰካችሁ በኋላ ጎንበስ ብሎ በስልክ መብራት ማየት ሠላሳ ሰከንድ ነው። እንዲህ ያሉ ሠላሳ ሰከንዶች ኮምፒውተሩ ላይ ብዙ ናቸው፤ ሲደመሩ አንድ ሰዓት አልፈው ይሄዳሉ።

ማዘርቦርዱን ከኬዙ ብረት ከፍ አድርገው የሚይዙትን ትናንሽ የናስ እግሮችም ላንሳ። ከማዘርቦርዱ ቀዳዳ ጋር የማይገጥም አንድ ትርፍ እግር ከስር ከቀረ የቦርዱን ጀርባ ነክቶ ሾርት ሊያደርግ ይችላል። ኬዙ ባዶ እያለ ቆጥሮ፣ ከቦርዱ ጋር አስተያይቶ ማንሳት ነው። ቪዲዮዎቹ ላይ ይህ አይታይም፤ ብዙ ጊዜ የሚገጣጥመው ሰው ካሜራው ከመብራቱ በፊት ጨርሶት ነው።

ስለ ሰዓቱም ራሱ አንድ ነገር ልበል። «አንድ ሰዓት» ከየት መጣ? ልምድ ያላቸው ሰዎች በአንድ ሰዓት ይገጥማሉ፤ ከዚያም ባነሰ። አልክድም። አሁን እኔም ሁለት ሰዓት አይፈጅብኝም። ግን ያ ሰዓት የሚቆጠረው ካርቶኖቹ ከተከፈቱ፣ ዕቃው ከተለየ፣ የትኛው ብሎን የት እንደሚገባ ከታወቀ በኋላ ነው። ጀማሪ ከኬዙ ጋር የመጣችውን የብሎን ከረጢት ሲገለብጣት አራት ዓይነት ብሎን ያገኛል። የማዘርቦርዱ፣ የፓወር ሰፕላዩ፣ የኤስኤስዲው (ፋይል የሚቀመጥበት ዕቃ)፣ የፋኑ። ክራቸው ይለያያል። እነሱን ለይቶ በየክምራቸው ማስቀመጥ ብቻውን ሩብ ሰዓት ነው። ኤም ዶት ቱ የሚባለውን ኤስኤስዲ የምትይዘው ብሎን ደግሞ የሩዝ ፍሬ ታክላለች። አንዴ ኬዙ ውስጥ ከወደቀች ኬዙን አንስቶ መገልበጥ ነው። ጠረጴዛው ስር ከተንከባለለች ደግሞ ጊዜው አይታወቅም።

«ማኑዋል አታንብቡ፣ አንድ ቪዲዮ ይበቃል» ወደሚለው ልለፍ። ቪዲዮ ጥሩ ነው። እኔም በቪዲዮ ነው የጀመርኩት። የእጅ አያያዝ፣ የግፊት መጠን፣ ኩለሩ (ፕሮሰሰሩን የሚያቀዘቅዘው ዕቃ) እንዴት እንደሚቀመጥ በጽሑፍ አይገባም፤ ሲታይ ነው። ግን ቪዲዮው የሚያሳየው የሌላ ሰው ማዘርቦርድ ነው። የኬዙ ማብሪያ፣ የሪሴቱና የመብራቶቹ ቀጫጭን ገመዶች የት የት እንደሚሰኩ የእናንተው ማኑዋል ላይ ነው ያለው። ማዘርቦርዱ ታችኛው ጥግ ላይ ሁለት ረድፍ ፒኖች ቆመዋል። ጽሑፉ ደቃቅ ነው። አንዳንዴ ገመድ ተሸፍኖበት ጭራሽ አይነበብም። የማብሪያው ገመድ እዚያ በትክክል ካልተሰካ ኮምፒውተሩ ቢጫኑት ቢጫኑት አይበራም፤ ሌላው ሁሉ ልክ ቢሆንም።

የትኛው የራም ቦታ ቅድሚያ እንዳለው፣ የትኛው ኤም ዶት ቱ ቦታ ፈጣኑ እንደሆነ፣ አንዱን ቦታ ስትጠቀሙ የትኛው የሳታ (የሃርድ ዲስክ) መሰኪያ ሥራ እንደሚያቆም፣ ሁሉም እዚያው ማኑዋል ላይ ነው። ሙሉውን አንብቡ አልልም። ሁለት ሦስት ገጽ ነው። ዕቃው ከመድረሱ በፊት ባለው ምሽት ከፋብሪካው ድረ ገጽ አውርዶ ማየት ይቻላል፤ እንዲያውም እሱ ነው የሚሻለው፣ ቀኑን ያሳጥራል።

የገመዱ ነገር ላይ በግማሽ እስማማለሁ። ከኋላ በኩል በማይታየው ጎን ገመዱ ቢዘበራረቅ ለሥራው ለውጥ የለውም። ሰዓታት እያጠፉ አንዷን ገመድ ከሌላዋ ጋር ማሰለፍ የውበት ጉዳይ ነው። ነገር ግን አንድ ገመድ ፋን ውስጥ እንዳይገባ ማሰር ውበት አይደለም። ከሁሉም በላይ የፕሮሰሰሩ የኃይል ገመድ ማዘርቦርዱ ከመግባቱ ወይም ኩለሩ ከመሰካቱ በፊት በላይኛው ጥግ ካልተሳበ፣ በኋላ እጅ አይገባም። ይህን ያላሰበ ሰው ኩለሩን ነቅሎ፣ ተርማል ፔስቱን (በፕሮሰሰሩና በኩለሩ መካከል የሚቀባውን ሙቀት አስተላላፊ ቅባት) ጠርጎ እንደገና ይጀምራል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። «ስክሪኑ ካልበራ ዕቃው ተበላሽቷል» ወደሚለው። ከጽሑፉ ሁሉ ያሳዘነኝ ይህ ነው።

የአክስቴ ልጅ ሰዓት ቆጣሪው ሲጮህ ኩለሩን ገና እያሰረ ነበር። ተናደደ። ቀሪውን እየተጣደፈ ጨረሰ። ከጀመረ ሁለት ሰዓት ከሩብ ገደማ ሲሆነው ማብሪያውን ተጫነ። ፋኖቹ ዞሩ፤ መብራቱ በራ፤ ስክሪኑ ግን ጥቁር። አንድ ደቂቃ ጠበቀ። አጠፋው። እንደገና አበራው። ጥቁር። ይህን አምስት ጊዜ አድርጎ ነው የደወለልኝ። «ማዘርቦርዱ ተበላሽቶ ነው የመጣው፤ ልመልሰው ነው» አለኝ። ድምፁ የሚያለቅስ ሰው ድምፅ ነበር። ወራት አጠራቅሞ የገዛው ዕቃ ነው።

«ራሙ ዲዲአር5 ነው?» አልኩት። ነው አለ። «አብራውና እጅህን አንሳ። ሻይ አፍላ። አሥር ደቂቃ እንዳትነካው» አልኩት።

ዲዲአር5 የሚባለው የራም ዓይነት ያለው ኮምፒውተር መጀመሪያ ሲበራ ማዘርቦርዱ ራሙን ይለካዋል፤ በየትኛው ፍጥነትና ቮልቴጅ ሳይሳሳት እንደሚነጋገር እየሞከረ ያስተካክላል። ይህ ሥራ ጥቂት ደቂቃ ሊፈጅ ይችላል፤ ራሙ በበዛ ቁጥርም ይረዝማል። በዚያን ጊዜ ስክሪኑ ጥቁር ነው። አንዳንዴም በራሱ ጠፍቶ ይነሳል። መሃል ላይ ካጠፋችሁት ብዙ ጊዜ ከዜሮ ይጀምራል። ልጁ በየደቂቃው እያጠፋ አምስት ጊዜ ከዜሮ አስጀምሮታል። በስድስተኛው ሻዩ ሳይፈላ የማዘርቦርዱ አርማ ስክሪኑ ላይ ወጣ። ስልኩ ተከፍቶ ስለነበር ጩኸቱን ሰማሁት።

ጸሐፊው እንደመከሩት ቢሆን ኖሮ ደህናውን ማዘርቦርድ ነቅሎ ይመልስ ነበር። ሲነቅልም ሶኬቱን ሊጎዳው ይችል ነበር።

ጥቁር ስክሪን ሲያጋጥም ተበላሽቶ የመጣ ዕቃ የመጀመሪያው ጥርጣሬ መሆን የለበትም። ይኖራል፣ አለ። ግን መጨረሻ ላይ ነው የሚጠረጠረው። እኔ ካየኋቸው አብዛኞቹ «ሞቷል» የተባሉ ኮምፒውተሮች በደቂቃዎች ውስጥ ተነስተዋል። የስክሪኑ ገመድ ከግራፊክስ ካርዱ ይልቅ ማዘርቦርዱ ላይ ተሰክቶ የተገኘበት ጊዜ አለ። በተለይ መጨረሻው ላይ ኤፍ ፊደል ያለበት የኢንቴል ፕሮሰሰር ውስጡ ግራፊክስ ስለሌለው፣ ማዘርቦርዱ ላይ ኤችዲኤምአይ መሰኪያ ቢኖርም ምንም አያወጣም። ራሙ አንዱ ጫፍ ብቻ ገብቶ ሌላው ከፍ ብሎ የቀረበት ጊዜ አለ። ለፕሮሰሰሩ የሚሄደው ባለ 8 ፒን ገመድ የተረሳበት ጊዜ አለ፤ ያኔም ፋኖቹ ይዞራሉና ሰው ኃይል ያገኘ ይመስለዋል። ፓወር ሰፕላዩ ጀርባ ላይ ያለችው ትንሽ ማብሪያ ዜሮ ላይ የቀረችበትም ጊዜ አለ።

ባዮሱ (ማዘርቦርዱ ላይ ያለው፣ ኮምፒውተሩን የሚያስነሳው ፕሮግራም) ያረጀ ሲሆንም ስክሪኑ ጥቁር ይሆናል። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ቢ450 ማዘርቦርድ እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ የወጣውን ራይዘን 5000 ፕሮሰሰር ሊያውቀው የሚችለው ባዮሱ ከታደሰ ብቻ ነው። ሁለቱም ዕቃ ጤነኛ ነው። ሶኬቱም አንድ ነው፤ ይገባል። ግን አይበራም። «ከገባ ልክ ነው፤ ካልበራ ተበላሽቷል» የሚሉት ሁለቱ ሕጎች እዚህ ላይ አንድ ላይ ይወድቃሉ።

ኩለሩ ሥር ያለችውንም የፕላስቲክ ልጣጭ ልጨምር። «ከመግጠምዎ በፊት ያንሱ» ተብሎ ተጽፎባታል። ሲጣደፉ አትታይም። እሷ ያለችበት ኮምፒውተር ይበራል፤ ትንሽ ቆይቶ ግን ፕሮሰሰሩ ይግልና ፍጥነቱን ይቀንሳል ወይም ይጠፋል። ለዚህ ደግሞ ዕቃ የሚመልስ ሰው አይታችኋል? እኔ አይቻለሁ።

ስለዚህ ችግር ፍለጋ ከመገጣጠሙ ሥራ የተለየ አደጋ አይደለም፤ የሥራው አካል ነው። ጀማሪ ሲያቅድ ቢያንስ አንድ ሰዓት ለዚህ ይያዝ። ካላስፈለገው እሰየው። ካስፈለገው ግን «ጊዜዬ አለቀ» ብሎ አይደናገጥም። አንድ በአንድ ያያል። ራሙን አውልቆ መልሶ ይሰካል፤ ቀጭ የሚለውን ድምፅ በሁለቱም በኩል ይሰማል። ግራፊክስ ካርዱን ያያል። ገመዶቹን ይቆጥራል። ብዙ ማዘርቦርዶች ላይ ሲፒዩ፣ ራም፣ ግራፊክስ፣ ቡት የሚሉ አራት ትናንሽ መብራቶች አሉ፤ የትኛው ላይ እንደቆመ ያያል። ይህን ሁሉ ማድረግ የሚችል ያልተጨነቀ ሰው ብቻ ነው።

ስለ ሶፍትዌሩ ደግሞ። ዊንዶውስ ራሱን ይጭናል መባሉ ከፊሉ እውነት ነው። ፋይል መገልበጡን ራሱ ያደርገዋል፤ ፈጣን ኤስኤስዲ ላይ ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ግን ከየት ይጭናል? ቢያንስ 8 ጊጋባይት የሚይዝ ፍላሽ ያስፈልጋል። ፍላሹን የሚያዘጋጅ ሌላ የሚሠራ ኮምፒውተር ያስፈልጋል። ፋይሉ ጊጋባይቶች ስለሆነ ማውረዱ እንደ ኢንተርኔቱ ነው። ጀማሪ ይህን የሚያስታውሰው አብዛኛውን ጊዜ አዲሱ ኮምፒውተር «የሚነሳበት ዲስክ የለም» ሲለው ነው።

ዊንዶውስ 11 ደግሞ ሲጫን ኢንተርኔት ይጠይቃል። አዲስ ማዘርቦርድ ላይ ያለውን ዋይፋይ ግን ድራይቨር (ዊንዶውስ ዕቃውን እንዲያውቀው የሚያደርግ ፕሮግራም) ካልተጫነ ላያውቀው ይችላል። ድራይቨሩን ለማውረድ ኢንተርኔት ያስፈልጋል፤ ኢንተርኔቱ ደግሞ ድራይቨሩን ይፈልጋል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ከማዘርቦርዱ ፋብሪካ ድረ ገጽ ድራይቨሩን አስቀድሞ በፍላሽ መያዝ፣ ወይም ስልክን በዩኤስቢ አገናኝቶ ኢንተርኔቱን ማካፈል። አስቀድሞ ለተነገረው ሰው አምስት ደቂቃ ነው። ላልተነገረው ሰው ግን ምሽቱን ይበላዋል።

ከዚያም በኋላ አላለቀም። የራሙ ፍጥነት ካርቶኑ ላይ 6000 ተብሎ ተጽፎ ይሆናል። ባዮስ ገብታችሁ ኢንቴል ላይ ኤክስኤምፒ፣ ኤኤምዲ ላይ ኤክስፖ የሚባለውን ካላበራችሁ ብዙ ጊዜ በ4800 ነው የሚሠራው። 144 ሄርትዝ ሞኒተር የገዛ ሰው ዊንዶውስ ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ ካልቀየረው በ60 ሊሠራበት ይችላል። ለዓመት በዚህ ሁኔታ የተጠቀመ ሰው አውቃለሁ። የግራፊክስ ድራይቨር መጫን፣ ዊንዶውስን ማደስ፣ የፕሮሰሰሩን ሙቀት ሥራ ሲበዛበት ማየት፣ ራሙን በፍተሻ ፕሮግራም ማስሞከር አለ። ይህ ሁሉ ዕቃው ገና አዲስ ሆኖ፣ መመለስ በሚቻልበት ጊዜ ውስጥ ነው መደረግ ያለበት። «በራ፣ አለቀ» ያለ ሰው ስህተት ያለበትን ራም የሚያውቀው ከወራት በኋላ ፋይሉ ሲበላሽ ነው።

የመጨረሻው ነጥብ፣ ከሁለት ሰዓት በላይ የፈጀበት ሰው ለባለሙያ ይስጥ የሚለው ነው። ባለሙያ ጋር መሄድ ነውር የለውም። ጊዜ የሌለው፣ እጁ የሚንቀጠቀጥ፣ ወይም በቀላሉ ይህን መሥራት የማይፈልግ ሰው ከፍሎ ያሠራ። ጥሩ ምርጫ ነው። ግን መለኪያው ሰዓት ሊሆን አይችልም። መጀመሪያ ቀን መኪና የነዳ ሰው መንገዱን ቀስ ብሎ ስለሄደ «መንዳት ያንተ አይደለም» አይባልም። እንዲያውም ቀስ ማለቱ ነው የሚያስመሰግነው። የእኔ የመጀመሪያ ኮምፒውተር ከጠዋት እስከ ማታ ፈጅቷል፤ ከኋላ በኩል የመሰኪያዎቹን ክፍት የምትሸፍነውን ቆርቆሮ ረስቼ ማዘርቦርዱን ከነገመዱ አውጥቼ መልሻለሁ። ያ ኮምፒውተር ግን አንድም ቀን ሳያስቸግረኝ ዓመታት ሠርቷል። በኋላ ፋን ሲያረጅ፣ ራም ሲያንስ፣ ሌላ ሰው አላስፈለገኝም። ውስጡን አውቀዋለሁ፤ እያንዳንዷን ብሎን እኔ ነኝ ያሰርኳት።

ለጸሐፊው አንድ ጥያቄ አለኝ፤ በአክብሮት ነው። ጽሑፍዎ ብዙ ሰው ዘንድ ደርሷል፤ ብዙ ጀማሪም አበረታቷል። ከሌላው ባይስማሙ እንኳ ሁለት ቦታ ብቻ ቢያስተካክሉ ደስ ይለኛል። «አንድ ሰዓት» የሚለውን «አንድ ቀን» ይበሉት። «ካልበራ መልሱት» ከሚለው በፊት ደግሞ «አሥር ደቂቃ ጠብቁ፣ ከዚያ ራሙንና ገመዶቹን እንደገና ሰክታችሁ እዩ» የሚል አንድ መስመር ይጨምሩ። የአክስቴ ልጅ በመጪው ወር ለጓደኛው ሊገጥምለት ነው። ቀኑን ሙሉ ይዞለታል፤ ፍላሹንም ከአሁኑ አዘጋጅቷል።